እጅ ሥራ ሲለምድ አፍንጫ ምን ይሠራል?

ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ የጭነት መኪና ረዳት፣ ብርዱ ፊቱን እየገረፈውም መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል። የፍሬን ሽታ ቀድሞ የሚገባው በዚያ ነው። «ሸተተ!» ካለ ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፤ ቦታ ሲያገኝም ጥግ ይይዛል። መንዝ ላይ ጠላ የምትጠምቅ እናት ደግሞ የጋኑን አፍ ገለጥ አድርጋ ታሸትና «ገና ነው» ትላለች። ምኑን አይተሽ ነው ስትባል «ገና ነዋ!» ከማለት በቀር ማስረጃ አትደረድርም።

ሁለቱም ያውቃሉ፤ እንዴት እንዳወቁት ለሌላ ሰው ማስረዳት ግን ይቸግራቸዋል። የእጅ ሙያ የሚያስተምር ሰው ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የመፍቻ አያያዝ፣ የብየዳ ኤሌክትሮድ አዘነባበል፣ የሊጥ ውፍረት ይታያል፣ ይለካል፣ ይታረማል። ሽታ «በጊዜ ይለምደዋል» ተብሎ ይታለፋል። አንዳንዱ በእርግጥም ይለምደዋል። አንዳንዱ የሚለምደው ሞተር አቃጥሎ ነው።

የምናየውና የምንሰማው ነገር ወደ ላይኛው የአንጎል ክፍል ከመድረሱ በፊት ታላመስ በሚባል ማከፋፈያ በኩል ያልፋል። ሽታ በዚያ ሳይዞር ይገባል። ከአፍንጫ ጣሪያ የሚነሱት ነርቮች ወንፊት በመሰለ ስስ አጥንት ሾልከው ከግንባር ጀርባ ወዳለች ትንሽ የአንጎል ክፍል ይደርሳሉ፤ ከእሷ ወደ አሚግዳላ፣ ማለትም ወደ ስሜት ማዕከሉ፣ እንዲሁም ትዝታን ወደሚያደራጀው ሂፖካምፐስ መንገዱ አጭር ነው። ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክስል የሽታ ተቀባዮችን ጂኖች እ.ኤ.አ. በ1991 አሳውቀው በ2004 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። በሰው አፍንጫ ውስጥ የሚሠሩት የተቀባይ ዓይነቶች 400 ገደማ ናቸው፤ አንድ ሽታ ከእነዚህ ብዙዎቹን በአንድ ጊዜ ይነካል፣ አንጎልም የሚያስታውሰው የተነኩትን ጥምረት ነው። ይህ ለጋራዥ ሰው ተራ ወሬ አይደለም። ናፍጣ የገባበት የሞተር ዘይት ግማሹ ዘይት ግማሹ ናፍጣ አይሸትም፤ ራሱን የቻለ ሌላ ሽታ ነው። ሁለቱን ለየብቻ የሚያውቅ ሠልጣኝ ድብልቁን ላያውቀው ይችላል፣ ስለዚህ ድብልቁንም ለብቻው መማር አለበት።

ነገር ግን ሽታ ሁሉን ያስተምራል ብሎ መነሳት ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ጀርመን ውስጥ በተሠራ ሙከራ፣ ሰዎች የካርዶችን ቦታ ሲያጠኑ የጽጌረዳ ሽታ እንዲሸታቸው ተደረገ። ሌሊት ከባድ እንቅልፍ ላይ ሳሉ ያው ሽታ ሲለቀቅላቸው፣ ሲነቁ የካርዶቹን ቦታ የተሻለ አስታወሱ። በዚያው ጥናት የጣት ቅደም ተከተል የተለማመዱት ሰዎች ግን ከሽታው ያገኙት ትርፍ አልነበረም። ለእኛ ሙያ የምትበልጠው ይህች ሁለተኛዋ ውጤት ናት። ሽታ የሚያስይዘው ምን፣ የትና መቼ የሚለውን ነው፤ እጅ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚማረው በዋናነት በመደጋገም ነው። ወርክሾፑን ሽቶ ቢረጩበት የማንም ብየዳ አይቀናም።

ስለዚህ ሽታን ማስተማር ያለብን ለሦስት ውሳኔ ነው፦ አሁን ጀምር፣ አሁን አቁም፣ እዚህ ጋ ጠርጥር። አማርኛችን «ነገሩ ሸተተኝ» የሚለው ለጥርጣሬ መሆኑ ጥሩ ፍንጭ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1975 ጎደንና ባድሊ ስኮትላንድ ውስጥ ጠላቂ ዋናተኞችን ቃላት ሲያስጠኑ፣ ውሃ ውስጥ ያጠኑት ውሃ ውስጥ፣ የብስ ላይ ያጠኑት የብስ ላይ የተሻለ አስታውሰዋል። በኋላ የተደገሙ ሙከራዎች ሁሉ ያንኑ አላገኙም፤ ሆኖም ለጥንቃቄ የሚበቃ ትምህርት አለው። ትዝታ ከአካባቢው ጋር ይታሰራል፣ ሽታም የአካባቢው አንድ ክፍል ነው። ሠልጣኙ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ወርክሾፕ የዘይትና የዝገት ጠረን ውስጥ ተለማምዶ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) ምዘናውን በማያውቀው ማዕከል ሲወስድ ይደነግጣል፤ ድንጋጤውን ፈተናው ከብዶ ነው ብሎ ይተረጉመዋል። ከምዘናው በፊት ያሉትን ሁለትና ሦስት ልምምዶች ሌላ ቦታ፣ ሌላ ጋራዥ ወይም ሌላ ኩሽና ወስዶ ማሠራት ወጪው ትንሽ ነው።

«የዓሣ ሽታ» ለመንዝ ልጅ

የኤሌክትሪክ መማሪያዎች ከመጠን በላይ የጋለ ሶኬት ወይም ማብሪያ ማጥፊያ የዓሣ ሽታ ይሰጣል ይላሉ። እውነት ነው፤ አንዳንድ ሶኬቶች የሚሠሩበት ፕላስቲክ ሲግል የሚለቀው ጋዝ የዓሣ ክርፋት ይመስላል። ግን ይህ ምሳሌ ዓሣ በልቶ ለማያውቅ የደጋ ልጅ ምን ይነግረዋል? መሃል ሜዳ ወይም ሞላሌ አድጎ ደብረ ብርሃን ለሥልጠና የመጣ ወጣት ቃሉን ይሸመድደዋል፣ ፈተና ላይም ይጽፈዋል። ሶኬቱ ሲግል ግን «የሆነ ነገር ገማ» ብሎ መስኮት ይከፍታል።

የድርቆሹ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ በደንብ ሳይደርቅ ብየዳ ከተጀመረ ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል፤ ሽታውም «አዲስ የታጨደ ሣር ወይም ድርቆሽ» ይባላል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከጥቅምት ጀምሮ በየግቢው ድርቆሽ ይከመራል። የማስጠንቀቂያ ሽታው የአገሩ አየር ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ ፎስጂን በአፍንጫ በተለየ ጊዜ መጠኑ ከተፈቀደው በላይ ሆኗል፤ የሳንባው ጉዳትም ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ይህን ጋዝ በአፍንጫ ለዩት ብሎ ማስተማር አይገባም። መማር ያለበት ሕጉ ነው፦ የሚበየድ ብረት ክሎሪን ባለው ማጽጃ አይነካም፤ በሳሙናና ውሃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ይበየዳል።

የሽታ ምሳሌ ከሠልጣኙ ቤት መምጣት አለበት። ወርክሾፕ ውስጥ የሚሰማው ብቸኛ ቃል «የተቃጠለ ሸተተኝ» ነው፤ ይህ ቃል ደግሞ ለማንም መንገድ አያሳይም። ቋንቋችን ግን በዚህ ድሃ አይደለም። ያረረ፣ የተለበለበ፣ የጨሰ፣ የከረፋ፣ የቀረና፣ የሻገተ፣ የኮመጠጠ፣ የጠነባ አለን። ለበዓል የበግ ጭንቅላትና እግር ሲለበለብ አጠገብ የቆመ ልጅ የተቃጠለ ጸጉር ሽታ ዕድሜ ልኩን አይጠፋውም። «ድስቱ ያዘ» የሚባለውን ሽታ ከሌላ ክፍል ሆኖ የሚለይ ልጅ አፍንጫው ሠልጥኗል፤ የቀረው ያንን ችሎታ ወደ ሞተርና ወደ ሽቦ ማሻገር ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ በራሱ ቃል ይጥራው፣ ከዚያ ቡድኑ በአንድ ስም ይስማማ፣ ስሙ ግድግዳ ላይ ይጻፍ። አሠልጣኙ ስሙን ቀድሞ ከተናገረ ሁሉም የሚያሸተው አሠልጣኙ ያለውን ነው።

አሥር ጠርሙስ

ለጋራዥና ለኤሌክትሪክ ክፍል አሥር ጠርሙስ ይበቃል። ከፋርማሲ የሚገኙ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ቡናማ የብርጭቆ ጠርሙሶች ይሻላሉ። ፕላስቲክ ሽታ ይመጥጣል፣ ያሳልፋልም፤ ሳይቆይ አሥሩም ጠርሙስ አንድ ዓይነት ይሸታል። በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥበው፣ ክዳናቸው ተከፍቶ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ይዋሉ። ቁጥሩ የሚጻፈው ከታች መቀመጫው ላይ ነው፤ ዙሪያቸው በጥቁር ፕላስተር ይጠቅለል፣ ያለዚያ ሠልጣኙ ያገለገለ ዘይትን በጥቁረቱ ያውቀዋል።

በአንዱ ጥጥ ላይ ሦስት ጠብታ አዲስ የሞተር ዘይት፣ በሌላው ሦስት ጠብታ ያገለገለ ዘይት ይደረጋል። ሦስተኛው 9 ሚሊ ሊትር ያገለገለ ዘይት ከ1 ሚሊ ሊትር ናፍጣ ጋር ነው። አራተኛው የካምቢዮ ዘይት፤ ድኝ ያለበት ስለሆነ ሲከፈት ይከረፋል፣ ጀማሪም ሁልጊዜ «ተበላሽቷል» ይላል። ጤነኛ የካምቢዮ ዘይት እንዲያ እንደሚሸት መማሩ ብቻ ብዙ ከንቱ ፍታ ግጠም ያስቀራል። አምስተኛው 5 ሚሊ ሊትር የራዲያተር ፈሳሽ፣ ስድስተኛው የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ ቁራጭ፣ ሰባተኛው ከተቃጠለ ሞተር የወጣ 5 ሴንቲ ሜትር የመዳብ ጥቅል፣ ስምንተኛው ግሎ የጠቆረ የሶኬት ፕላስቲክ። ዘጠነኛው ባዶ ንጹህ ጥጥ ነው። አሥረኛው ከቀደሙት የአንዱ ድግም።

ባዶውና ድግሙ ጨዋታ አይደሉም። ባዶውን አሽትቶ «ናፍጣ» የሚል ሰው እየገመተ ነው። ድግሙን በሁለት የተለያየ ስም የሚጠራ ሰው ገና አልያዘውም።

አሮጌ የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራ አስቤስቶስ የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ቃጫ ሊኖርበት ስለሚችል አይፋቅም፣ በመጋዝም አይቆረጥም፤ ራሱ የተሰበረውን ቁራጭ ከቶ የጠርሙሱን አፍ በጎዝ ማሰር ነው። የራዲያተር ፈሳሽ ጣፋጭና መርዝ ስለሆነ ከልጅና ከእንስሳ ይራቅ። ቤንዚንና ቲነር ጠርሙስ ውስጥ አይገቡም፣ ሥራው ላይ ሳሉ በቂ ይሸታሉ። ናፍጣ ያለበት ጠርሙስ በየሁለት ሳምንቱ ይታደስ፣ ቀላሉ ክፍል እየተነነ ሽታው ይለወጣል። የተቃጠለው ሽቦ ግን ከተከደነ ለወራት ይቆያል።

አሸታተቱም ሥርዓት አለው። ጠርሙሱ ከአፍንጫ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፣ በእጅ እየተራገበ ሁለት አጭር ሳብ ሳብ፣ ከዚያ ክዳን። በረጅሙ መማግ አፍንጫን ያደነዝዛል። በአንድ ጊዜ ከአምስት ጠርሙስ በላይ አይቻልም፤ በመካከል ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ውጭ ያለ አየር መሳብ ይበቃል። ቡና ማሽተት አፍንጫን ያድሳል የሚባለው ተሞክሮ ከንጹህ አየር የተለየ ጥቅም አልተገኘበትም። ቡናውን ጠጡት።

መልሱ በወረቀት ይጻፋል። አንዱ ጮክ ብሎ ከተናገረ የቀሩት አፍንጫቸውን ትተው ጆሯቸውን ይጠቀማሉ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ጥያቄ ይኑር፦ ምንድን ነው? ምን ታደርጋለህ? ለስሙ አንድ ነጥብ፣ ለእርምጃው ሁለት። «ስሙ ጠፋኝ፣ ግን ብሬከሩን አጠፋና ሶኬቱን እፈታለሁ» ያለ ሠልጣኝ፣ «ፕላስቲክ» ብሎ ካቆመው ይበልጣል። ሽታን አውቆ ስም ማጣት ለማንም የሚደርስ ነገር ነው፤ ሥራው የሚፈልገው ደግሞ እርምጃውን ነው። ልምምዱ አምስት ደቂቃ ሆኖ በመጀመሪያው ቀን፣ በማግስቱ፣ በአራተኛው፣ በስምንተኛውና በሃያ አንደኛው ቀን ቢደገም በአንድ ቀን አንድ ሰዓት ከማሽተት በጣም ይሻላል።

ከጠርሙሱ ወደ ሥራው

ጠርሙስ ፊደል ነው፤ ንባቡ መኪናው ሥር ነው። ሽታው ከየት መጣ፣ መቼ ጀመረ የሚለው ከሽታው ዓይነት ጋር ካልተጣመረ ምርመራ አይሆንም። የፍሬንና የፍሪሲዮን ቃጠሎ ለጀማሪ አንድ ነው፤ ፍሪሲዮን ጋዜጣ ሲቃጠል ወደሚሸተው ያዘነብላል። የሚለያቸው ግን ጊዜው ነው። ዳገት ላይ ሲነሳ የሸተተ፣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይሄድለት ከሆነ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ቁልቁለት ጨርሶ የሸተተ ፍሬን ነው። ጣርማ በር ወደ 3,200 ሜትር፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ያን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የወረደ መኪና ጎማዎቹ ሁሉ ይሸታሉ፣ ጥፋቱም የማርሽ አጠቃቀም ነው። መኪናው ቆሞ በእያንዳንዱ ጎማ አጠገብ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይሸተታል፣ የእጅ ጀርባ ሳይነካ ቀረብ ተደርጎ ሙቀቱ ይመዘናል። አንዱ ብቻ ከጋለና ከሸተተ ፍሬኑ ይዞ አልለቀቀም፦ የመመለሻ ሞላው ተሰብሯል፣ ሲሊንደሩ ደርቋል ወይም የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ተወጥሯል። የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ መድፋት ይሰነጥቀዋል፤ ቆሞ ይብረድ።

ጣፋጭ ሽታ ጋቢና ውስጥ ገብቶ መስታወቱ በቅባታም ጉም ከተሸፈነ የማሞቂያው ራዲያተር ያፈሳል። ያው ጣፋጭ ሽታ ከማርሚታ ከነጭ ጭስ ጋር ከመጣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ይጠረጠራል። ግን ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የቆመ መኪና ሁሉ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ያ እንፋሎት ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቆ፣ ጭሱ ካልጠፋና ከጣፈጠ ብቻ ነው ጥርጣሬው የሚጸና። ራዲያተሩ ውስጥ ውሃ ብቻ የሚሞላበት መኪና ደግሞ ይህን ማስጠንቀቂያ ጨርሶ አይሰጥም፤ ጓርኒሲዮኑ ነድዶም አይጣፍጥም። ሠልጣኙ መጀመሪያ ክዳኑን፣ ሞተሩ ሲበርድ፣ ከፍቶ ውስጡ ምን እንዳለ ይወቅ።

ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ከመጠን በላይ ተሞልቷል። ቻርጀሩ ከግድግዳው ይጠፋል፣ በር ይከፈታል፣ መቆንጠጫው ግን ወዲያው አይነቀልም፤ ባትሪው ለመፈንዳት አንድ ብልጭታ ይበቃዋል።

ኤሌክትሪክ ላይ ጊዜው አጭር ነው። ብሬከሩ ጠፍቶ በቴስተር ከተረጋገጠ በኋላ የሶኬቱ ሽፋን እንደተፈታ ወዲያው ማሽተት ነው፤ የታፈነው አየር ከወጣ በኋላ ሳጥኑም ግድግዳውም አንድ ይሆናል። ዓሣ የመሰለው ፕላስቲኩ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ያልጠበቀ ብሎን ነው። የተቃጠለ ቫርኒሽ ከሞተር ከመጣ ግን ጥቅሉ ሄዷል፤ አጽድቶ መልሶ መግጠም ጊዜ ማጥፋት ነው።

ሆን ብሎ ማሳረር

አደጋ ሳይኖር ሽታንና ውሳኔን አብሮ ለማስተማር ከገብስ ቆሎ የተሻለ ነገር አላውቅም፤ ሰሜን ሸዋ ደግሞ ገብስ አይቸግረውም። በምግብ ዝግጅት ክፍል፣ ለጠላ አሻሮ የሚሆን ገብስ ሦስት ጊዜ 200 ግራም ይመዘናል። ምጣዱ ይሞቃል፣ የመጀመሪያው ይገባል፣ ሳይቋረጥ ይታመሳል። መጀመሪያ እርጥብ ጭድ የመሰለ እንፋሎት ይመጣል፣ ቀጥሎ የዳቦ ሽታ፣ ከዚያ ወደ ቡና የሚጠጋ፣ በመጨረሻ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ያረረ ሽታ። አንዱ ድርሻ በዳቦው፣ ሁለተኛው በቡናው፣ ሦስተኛው ሆን ተብሎ ካረረ በኋላ ይወርዳል። አሠልጣኙ «አሁን» አይልም። ሠልጣኞቹ ጀርባቸውን ለምጣዱ ሰጥተው፣ የተባለው ሽታ ሲደርሳቸው እጃቸውን ያነሳሉ፤ የእያንዳንዱ ሰከንድ ይመዘገባል። በሦስተኛው ልምምድ ልዩነታቸው ካልጠበበ ቃሉ ላይ አልተስማሙም ማለት ነው፣ ወደ ግድግዳው ዝርዝር ይመለሱ።

እዚህ ሁሉም የሚስተው አንድ ነገር አለ። ገብሱ ከእሳት ከወረደ በኋላም በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። የሚፈለገው ሽታ ጥንቅቅ ብሎ ሲመጣ ያወረደ ሰው ዘግይቷል፤ ሽታው ሲጀምር ወርዶ ሰፊ ሰፌድ ላይ ቶሎ መበተን አለበት። ያረረው ድርሻ ተፈጭቶ ቀመስ ይደረግ፤ ምሬቱ ከሽታው ጋር ሲያያዝ ትዝታው ይጠብቃል። ስህተቱን አፍንጫና ምላስ አብረው ካልመሰከሩት ንግግር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ጋኑ ሌላው መምህር ነው። በግራዋ ታጥቦ በወይራ የታጠነ ጋን የወይራ ጭስ ብቻ መሽተት አለበት። ከጭሱ ሥር ኮምጣጤ ከተሰማ የቀደመው ጠላ ኮምጥጦ ሸክላው ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል፤ ደጋግሞ በፈላ ውሃ ማጠብ፣ ፀሐይ ላይ ማድረቅና እንደገና ማጠን ይፈልጋል። ጭስ በላዩ ጨምሮ መሸፈን የሰነፍ ዘዴ ነው፣ ጠላው ያጋልጠዋል። ኮምጣጤው የሚመጣው አየር ሲገባ ስለሆነ የጋኑ አፍ በደንብ መመረጉን ማየትም እዚያው ላይ ይጨመር።

ለሱፍ ሥራ የምትበቃው ፈተና ትንሽ ናት። ከመንዝ በግ ጸጉር የተሠራ ዝተት ነው ወይስ ሰው ሠራሽ የተቀላቀለበት? 5 ሴንቲ ሜትር ክር በመቆንጠጫ ተይዞ ሻማ ላይ ይቃጠላል። ሱፍ የተለበለበ ጸጉር ይሸታል፣ ከእሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፣ ጥቁር አመዱ በጣት ይደቅቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ስስ ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ የኬሚካል ሽታ ሰጥቶ የማይደቅቅ ደረቅ ጠጠር ይሆናል። ክሩ የተቀላቀለ ከሆነ ጸጉሩም ኬሚካሉም አብረው ይሸታሉ፤ ያን ጊዜ አመዱ ይዳኛል።

አፍንጫ የማይታመንበት

ከላይ ያለው ሁሉ ሠልጣኙን በአፍንጫው እንዲተማመን ያደርገዋል፤ አደጋው ያለው እዚያው ነው። በብርድ ተዘግቶ ከሰል የሚነድበት ክፍል ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። የሚሸተው የከሰሉ ጭስ ነው፤ ጭሱ ሲጠራ «አሁንማ ደህና ነው» ይባላል፣ ጋዙ ግን አልቀነሰም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በትንሹ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ከአንድ ሚሊዮን 100 እጅ አካባቢ ሲደርስ የማሽተቱን አቅም ራሱ ያደነዝዛል። ጉድጓድ ውስጥ የገባ ሰው «ሽታው ጠፋ» ካለ ቶሎ መውጣት አለበት። የማብሰያ ጋዝ ሽታ ተጨምሮበት የሚሸጥ ሲሆን፣ የዛገ ወይም አዲስ የብረት ሲሊንደር ያንን ሽታ ሊመጥጠው ይችላል። ከካርባይድ የሚወጣው አሴቲሊን ነጭ ሽንኩርት የሚሸተው ካርባይዱ ንጹህ ስላልሆነ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ማን ይለየዋል? ለሁለቱም ጋዙ የሚያፈስበት ቦታ የሚፈለገው በሳሙና አረፋ ነው። አረቄ ላይም እንዲሁ፦ ከማውጫው ቀድሞ የሚወርደው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ አለውና ይደፋል፣ ሜታኖልን ግን ከኢታኖል በአፍንጫ መለየት አይቻልም። «ሽታው ጥሩ ነው» ለአረቄ ማረጋገጫ አይሆንም።

ከዚህ ሌላ ከፍታውና ብርዱ አለ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በውርጭ ጠዋት ከዘይትና ከፕላስቲክ የሚተን ጥቂት ነው፣ ደረቁ አየርም አፍንጫን ያደርቃል። በማለዳ «ምንም አይሸትም» የተባለ ጠርሙስ ሸዋ ሮቢት ከሰዓት በኋላ ክፍሉን ይሞላል። የጠርሙስ ልምምድ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ወይም የዘይቶቹ ጠርሙሶች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አምስት ደቂቃ ይቀመጡ። እሳት ላይ አይደረጉም፣ ናፍጣ ያለበትም አይሞቅም።

በየቡድኑ የማያሸት ሰው ሊኖር ይችላል፤ በጉንፋን፣ ከኮቪድ-19 በኋላ፣ ጭንቅላቱ ተመትቶ ወይም ከልደቱ። ይህ በሕዝብ ፊት አይጣራም። ለብቻው ቡናና ቅርንፉድ ዓይኑን ጨፍኖ ይሞክር። ሽንኩርትና በርበሬ ለዚህ ፈተና አይሆኑም፣ የሚቆነጥጠው ስሜት የሚሄደው በሌላ ነርቭ ስለሆነ ምንም የማያሸት ሰው ዓይኑ ያነባል፣ ያስነጥሳልም። ሽታው ከሕመም በኋላ የጠፋበት ሰው በሕክምና የሚመከር ልምምድ አለ፦ ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ፣ እያንዳንዱን ለ10 ሰከንድ ያህል፣ ጠዋትና ማታ፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንት። ባሕር ዛፉ ከግቢ፣ ቅርንፉዱ ከሻይ ዕቃ ይገኛል። እስኪመለስለት ድረስ ሶኬት ከሚያሸት ጓደኛ ጋር ተጣምሮ ይሥራ፤ እሱ ሙቀቱን በእጅ ጀርባና በቴርሞሜትር፣ ጓደኛው በአፍንጫው። ገብሱንም በቀለሙና በሚፈነዳው ድምፅ ይከታተል፣ ሰከንዱን የሚመዘግበውም እሱ ይሁን።